ለመሆኑ አጭር ፊልም ሰው መጠበቂያ ነው?

ባለፈው ሰሞን በከተማችን በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ስሙን ለጊዜው እንተወው፣ የፊልም ምሽት ነበረ። ማስታወቂያው «11፡30 አጫጭር ፊልሞች፣ 12፡30 ዋናው ፊልም» ይላል። እኔም እንደ ሞኝ ልክ 11፡30 ላይ ተገኘሁ። ወንበር የሚደረድሩ ልጆች አሉ፤ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ ሁለት» እያለ ማይክሮፎን የሚሞክር ሰውዬ አለ፤ ለክብር እንግዳው ጠረጴዛ ልብስ የምታነጥፍ አንዲት ሴት አለች። መብራቱ ቦግ ብሎ በርቷል። ሸራው ላይ ግን ፊልም እየታየ ነው! ማለት ፊልሙ ይሄዳል እንጂ የሚያየው የለም።

ሥራው የግቢያችን ሦስት ልጆች ስምንት ወር የለፉበት የ11 ደቂቃ ፊልም ነበር። አንዲት ወጣት ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ኪራይ ቤቷ ስትሄድ ያሳያል፤ በቃ ይኸው ነው። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል። የሚሰማው የእግር ኮቴ፣ ከሩቅ የባጃጅ ሞተር፣ ውሻ፣ ከዚያ የቁልፍ ድምፅ ነው። ያን ሁሉ «ሄሎ ሄሎ» ዋጠው። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ይመስለኛል፣ የእንግዳው መኪና ደረሰ ተባለና ፊልሙ ተቋረጠ። መቋረጡን ማንም አላስታወቀም፤ ለማን ይታወቃል? ከሠሪዎቹ አንዷ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበረ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ወደ ፊት ሄዳ ፍላሿን ነቅላ ወጣች።

ከአስተናባሪዎቹ አንዱን ይዤ «ምነው እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ብለው፣ «ኧረ ምን ችግር አለው፣ ሰው እስኪገባ ነው እኮ!» አለኝ።

«ሰው እስኪገባ»። ይህችን ቃል ያዙልኝ። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከእሷ ጋር ነው። ከልጁ ጋር ጠብ የለኝም፤ ደግ ልጅ ነው፣ በኋላም ለስላሳ ጋብዞኛል። ክፋቱ እሱ አፍ አውጥቶ የተናገረው ሁላችንም በሆዳችን የምናምነው ነገር መሆኑ ላይ ነው። በየክበባችን ስንሰበሰብ «እና መቼ ነው ትክክለኛ ፊልም የምትሠሩት?» እያልን ጓደኞቻችንን የምናሸማቅቅ እኛው ነን። ትክክለኛ ስንል ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ማለታችን ነው። አቡጀዲ በሜትር እንደሚገዛ ሰው ፊልምን በርዝመቱ ለክተን ዋጋ እንሰጣለን።

እስቲ ከሥሩ እንየው። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ቡና ቤት ምድር ቤት ሕዝቡን አስከፍለው ባሳዩ ጊዜ የቀረቡት ፊልሞች ዐሥር ነበሩ፤ አንዳቸውም ደቂቃ አይሞሉም። ሲኒማ የተወለደው አጭር ሆኖ ነው። ወደ እኛም ሀገር ሲመጣ የአዲስ አበባ ሰው ከቀደምቶቹ ማሳያ ቤቶች አንዱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ስድብ ነው፣ ግን ቢያንስ ተፈርቶ ነበር። ዛሬ መብራት እየበራበት፣ ጀርባ እየተሰጠው፣ ወንበር እየተጎተተበት ነው የሚታየው።

የእኛው አህጉር ፊልምስ? የዋጋዱጉው ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሊመሠረት ስድስት ዓመት ሲቀረው፣ በ1963 ማለት ነው፣ ሴኔጋላዊው ደራሲ ሴምቤን ኡስማን አንድ ፊልም ሠራ፤ «ቦሮም ሳሬት»፣ ባለ ጋሪው። ጥቁር አፍሪካዊ በገዛ ምድሩ የሠራው የመጀመሪያው ፊልም እየተባለ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ርዝመቱ ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ። ያላያችሁት ካላችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህንን ፈልጉ። አንድ የዳካር ባለ ጋሪ ጠዋት ጸልዮ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ ይወጣል። ጎረቤቶቹ ይሳፈራሉ፣ አይከፍሉም። ለማኝ እጁን ይዘረጋል፤ ባለ ጋሪው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ወዲያው አንድ አዝማሪ መጥቶ የአያት ቅድመ አያቶቹን ጀግንነት ሲያወድስለት ግን የያዛትን ሁሉ አውጥቶ ይሰጣል! (ይህን ትዕይንት ሳይ የራሳችን ሠርግ ቤት ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ።) ቀጥሎ የሞተ ሕፃኑን የታቀፈ አባት ይጭናል። መቃብር ሲደርሱ ወረቀትህ አልተሟላም ተብሎ አባትየው ይመለሳል፤ ባለ ጋሪውም ሬሳውን መሬት ላይ አውርዶለት ይሄዳል። ደግ ሰው ነው፣ ግን ሥራ አለበት። በመጨረሻ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ጋሪ ወደማይገባበት የሀብታሞች ሰፈር እንዲወስደው ይለምነዋል። ይወስደዋል። ፖሊስ ያስቆመዋል። ባለ ጋሪው ወረቀቱን ሲያወጣ ሜዳሊያው ይወድቃል፤ ፖሊሱ በጫማው ይረግጠዋል። ጋሪው ይወረሳል፣ ባለ ሙሉ ልብሱም ሳይከፍል ይሰወራል። ባለ ጋሪው ፈረሱን እየሳበ ባዶ እጁን ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ልጁን ታስታቅፈውና ዛሬ ማታ እንበላለን ብላ ትወጣለች። የት ሄደች? ፊልሙ አይናገርም። ያልቃል።

አሁን ንገሩኝ፣ ከዚህ ውስጥ ምን ጎደለ? በሀገራችን ከተሞች ጋሪ ከዋናው አስፋልት ሲባረር ያላየ ማን አለ? ሀዋሳ ላይ ተቀምጦ ይህን ፊልም «የውጭ ፊልም ነው» የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሴምቤን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከተማውን በሙሉ፣ ከታች ሰፈር እስከ ላይ ሰፈር፣ በአንድ ፈረስ አስዞረን። የእኛዎቹ የሁለት ሰዓት ፊልሞች ግን በአብዛኛው አንድ ቪላ፣ አንድ መኪናና አንድ ካፌ ተከራይተው ሲያዞሩን ያመሻሉ።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ሙግት አውቀዋለሁ፤ ዶርም ውስጥ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከራክረንበታል። «አጭር ፊልም ልምምድ ነው፤ ትልልቆቹም በእሱ ጀምረው ወደ ረጅሙ ተሻገሩ» ይባላል። ማስረጃ ሲጠየቅ ኃይሌ ገሪማ ይጠራል። እውነት ነው፤ የጎንደሩ ልጅ በካሊፎርኒያ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1971 «አወር ግላስ» የተባለች አጭር ፊልም ሠራ፤ ነጭ ተመልካች እያጨበጨበለት ኳስ የሚጫወት ጥቁር ወጣት የፍራንዝ ፋኖንን ዓይነት መጻሕፍት ማንበብ ሲጀምር ጨዋታው እንዴት እንደሚጎመዝዘው ትናገራለች። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976፣ «ጤዛ» በ2008 ተከተሉ፤ «ጤዛ» በማግሥቱ ዓመት የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወሰደ። እሺ፣ ይሁን። ግን ሌላውንስ ምን ትሉታላችሁ? ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ፣ እሱም ሴኔጋላዊ፣ በ1973 «ቱኪ ቡኪ»ን፣ በ1992 «ጅቦች»ን የመሰሉ ረጃጅም ፊልሞች ሠርቶ ስሙ ከገነነ በኋላ ተመልሶ ወደ አጭሩ ነው የመጣው። «ለ ፍራንክ»ን በ1994 ሠራ። የመጨረሻ ሥራው «ጋዜጣ ሻጯ ትንሿ ልጅ» ናት። እሱ በ1998 ሞቶ በ1999 ለተመልካች የቀረበች፣ 45 ደቂቃ የምትፈጅ፣ በምርኩዝ የምትሄድ ልጅ በዳካር መንገድ ላይ ከወንዶቹ ጋር እየተጋፋች ጋዜጣ የምትሸጥባት ፊልም። ልምምድ ቢሆንማ ለምን በስተርጅና ይለማመዳል?

ደግሞም ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። የቅኔ ተማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፣ መወድስ ስምንት ቤት። ነገር ግን መወድስ የሚዘርፍ መምህር ጉባኤ ቃና አይንቅም። ሁለት ቤት ውስጥ ሰምና ወርቅ ማስገባት ከስምንቱ ቤት ይቀላል ብሎ የሚናገር ካለ ቅኔ ቤት ደጅ ያልደረሰ ሰው ነው። «መወድሱ እስኪመጣ ጉባኤ ቃና ይባልልን» የሚል የለም! ለቃል የሰጠነውን ክብር ለምስል የነፈግነው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እንግዲህ ሐቁን አልሸሽግም፤ አጭር ፊልም የተባለ ሁሉ መልካም ነው አላልሁም። የእኛዎቹን በብዛት አይቻለሁና ጉዳቸውን አውቃለሁ። ሲጀምር የስልክ ደወል፣ ሲያልቅ «ለካ ሕልም ነበር»። ሀብታሙ ልጅ ጫማውን ለድሃው ልጅ ሲሰጥ ፒያኖ ይንጫጫል። ሌላው ወገን ደግሞ የመሥሪያ ቤት ፊልም ነው፦ አንድ ድርጅት ይከፍላል፣ አንዲት ልጅ ትታመማለች ወይም ትዳራለች፣ ጤና ባለሙያዋ መጥታ ለሦስት ደቂቃ ንግግር ታደርጋለች፣ የድርጅቱ ዓርማ ይወጣል። እነዚህ አጭር የሆኑት የሚሉት ስላነሳቸው ነው። ሁለት ሰዓት ቢሆኑም አያድጉም።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለችው አንዲት ጥያቄ ናት፤ «መልእክቱ ምንድን ነው?»። ከየማሳያው በኋላ የመጀመሪያው እጅ ሲወጣ የሚጠየቀው እሷ ናት። ባለ 11 ደቂቃዋን ፊልም ለሠሩት ልጆችም አንድ መምህር ይህንኑ ጠይቋቸዋል አሉ። የዘላለም ወልደማርያምን «ለዛሬ»ን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተሠራ፣ ሩብ ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ ታሪኩም እዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ትንሽ መንደር ውስጥ ነው። መንደሩ ዛፍ ለመትከል ይሰበሰባል፤ ቤት የሌለው ልጅ ደግሞ የዕለት ጉርሱን ይፈልጋል። በሌላ ሰው እጅ ቢወድቅ «ዛፍ ትከሉ» የሚል ፖስተር ይሆን ነበር። እኔ ያየሁበት ግን ለነገ ከሚያስበው መንደርተኛ ይልቅ ለዛሬ የሚጨነቀው ልጅ ፊት ነው፤ ርእሱም ከእሱ ጎን የቆመ ይመስለኛል። ሁለቱ ጉዳዮች ሩብ ሰዓት ሙሉ እየተገፋፉ ይቆያሉ። «መልእክቱ ምንድን ነው?» ለሚል ሰው መልሱ «ተርበህ ታውቃለህ?» ነው።

የኢራኑ አባስ ኪያሮስታሚ የመጀመሪያ ፊልምስ! «ዳቦና ቅያስ»፣ 1970፣ ዐሥር ደቂቃ ገደማ። ዳቦ የተላከ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ቅያሱ ውስጥ ውሻ ይቆምበታል። ይፈራል። አላፊ አግዳሚ ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ ተከትሎ ሊያልፍ ይሞክራል፣ ሽማግሌው ወደ ሌላ ይታጠፋል። መጨረሻ ላይ ቁራሽ ይጥልለታል፣ ውሻውም ጭራውን እየቆላ ይከተለዋል። ያ ፊልም የተሠራው ሕፃናትን ለማነጽ በተቋቋመ ተቋም ውስጥ ነው፤ መልእክት ማስገባት ቢፈልጉ ከእነሱ የተሻለ ሰበብ ያለው አልነበረም። አላስገቡም። ዳቦ ተልኮ ውሻ የፈራ ልጅ ሁሉ ግን ራሱን ያያል፤ እዚህ ግቢ ውስጥ ዳቦ ያልተላከ ማን አለ?

ወደ ሽልማቱ ነገር ልምጣ፤ በእሱም በኩል እንታማለን። የሕይወት አድማሱ አጭር ፊልም «ኒው አይስ» እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒስ ፌስቲቫል ታየ፤ ከልጅነት ወደ ጉርምስና የምትሻገር ልጅ ታሪክ ነው። የጄሲካ በሺር «ሐይራት» በ2017 በሰንዳንስ ታየ፤ በሐረር ሌሊት ሌሊት ጅብ የሚመግብ ሰው፣ በጥቁርና ነጭ፣ ከዐሥር ደቂቃ በታች። ዜናውን ስንሰማ «አኮራችን!» ብለን እርስ በርሳችን ተባባልን። ለመሆኑ ስንቶቻችን አየነው? በክፍሌ ካሉት አርባ ምናምን ተማሪዎች መካከል ጠይቄ አንድ አገኘሁ፤ እሱም ግማሹን። ጣሊያን ያየውን ሀዋሳ አላየም። ያላዩትን ነገር መኩራት እንደ ምን ያለ ኩራት ነው? ስለ «ሐይራት» ከወዳጄ ጋር ተጣልተንበታል። እሱ «ጅብ ለፈረንጅ ማሳየት ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ የቱሪስት ካሜራ የጅቡን አፍ ሲያሳድድ ይህኛው ሰውዬው ዘንድ ቆሟል፣ ከጨለማው ጋር ያለውን ዝምድና ነው የሚፈልገው እላለሁ። ማን እንደተረታ እናንተ አይታችሁ ብትፈርዱ እወድ ነበር። ሳታዩ እንዴት ትፈርዳላችሁ?

«ፌስቲቫል ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ምን እናድርግ» ይባላል። አዎን፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ዓለም አቀፍ የሚባሉ የፊልም ፌስቲቫሎች አዲስ አበባ ላይ ተካሂደዋል፤ መልካም ነው። ከእኛ ግን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የመሳፈሪያው፣ የአልጋው፣ የቀረው ክፍለ ጊዜ ሲታሰብ ለተማሪ ቬኒስ ማለት ነው። ነገር ግን አጭር ፊልም ዋና ከተማ አይሻም። በዓለም ላይ ከታወቁት የአጭር ፊልም ፌስቲቫሎች አንጋፋው እ.ኤ.አ. በ1954 የተጀመረው ኦበርሃውዘን በምትባል የጀርመን ከተማ ነው፤ የድንጋይ ከሰልና የብረት ከተማ፣ የላብ አደር ከተማ። በ1962 እዚያው ላይ 26 ወጣት ፊልም ሠሪዎች ተነሥተው የአባቶቻችን ሲኒማ ሞቷል ብለው ያወጁትም አጫጭር ፊልም እየሠሩ ነበር። እኛም እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለን፤ ጠዋትና ማታ ከበሩ የሚወጣው የወጣት ሴቶች ጎርፍ አለ፤ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚሰነጥቁ ልጆችና አጠገባቸው እንደ ዳኛ የሚቆሙት አባ ኮዳዎች አሉ። ይህን ሁሉ ሁለት ሰዓት የፍቅር ኮሜዲ አይነካውም፤ ትርፍ የለውማ! አጭሩ ነው የሚነካው፣ ምክንያቱም ትኬት እንዲሸጥ ማንም አይጠብቅበትም።

የቋንቋም ነገር እንዲሁ ነው። «ቦሮም ሳሬት» የሚናገረው በፈረንሳይኛ ነበር። ሴምቤን ይህ አልዋጥለት ብሎ በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ሠራ። ባለሀብት ሲገባበት «በሲዳሙ አፎ ከሆነ ገበያ የለውም» ይላል፤ አጭር ፊልም ግን ባለሀብት የለውም። ባለ 11 ደቂቃዋ ፊልም ውስጥ ልጅቱ የምትናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ለአከራይዋ፣ በሲዳሙ አፎ። ትርጉም ከሥሯ አልጻፉበትም። እኔ ቋንቋውን አልችልም፣ ግን ገባኝ። እንዳይገባኝ ያደረገው ማይክሮፎኑ ነው።

«ካሜራ የለንም» የምትሉ ደግሞ ኩባዊው ሳንቲያጎ አልቫሬዝ በ1965 የሠራውን «ናው» እዩ። ስድስት ደቂቃ አይሞላም። በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ከጋዜጣ ፎቶግራፎችና ከዜና ፊልም ቁርጥራጭ ሰፍቶ፣ በሊና ሆርን ዘፈን አስኬደው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ያኔ ከነበረው ነገር ይሻላል።

በመጨረሻ የቀረችው ሰበብ «ሰው አይመጣም» ናት። ሰው እኮ በቀን መቶ አጭር ነገር ያያል፤ ቲክቶክ ምንድን ነው ታዲያ? እጥረቱ አላስጠላውም። ልዩነቱ በስልክ ሲያይ ጣቱ ቀጣዩን እየጎተተ መሆኑ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ግን ጣት ሥራ የለውም፤ ከማታውቀው ሰው ጎን ተቀምጠህ አንዲት ሴት ቁልፍ ስትፈልግ ታያለህ፣ መቀጠልም አትችልም፣ መዝለልም አትችልም። ይህን ዕድል ለተመልካች ሳንሰጥ «ሰው አይወደውም» ማለት እንጀራውን ሳይጋግሩ «አይጣፍጥም» ማለት ነው።

ስለዚህ የፊልም ሳምንቱን ለሚያሰናዱት የክበባችን ጓዶች የማቀርበው ይህ ነው። አንድ ሙሉ ማታ ለአጫጭር ፊልሞች ብቻ ይሁን፣ «ዋናው» የሚባል ነገር ከጀርባቸው ሳይቆም። መብራት ይጥፋ፣ በር ይዘጋ፤ የክብር እንግዳ ቢዘገይ እንደማንኛችንም በጨለማ እየዳበሰ ወንበር ይፈልግ። ንግግር ካለ ከኋላ ይሁን። መጀመሪያ ባለ ጋሪው፣ ቀጥሎ «ዳቦና ቅያስ»፣ «ናው»፣ «ለዛሬ»፣ «ሐይራት»፤ እነዚህ ስድስቱ፣ የልጆቹ 11 ደቂቃ ሲጨመርበት ማለቴ ነው፣ አንድ ላይ ከአንድ ረጅም ፊልም አይበልጡም። የልጆቹ በስተመጨረሻ ይምጣ፣ ሁለት ጊዜም ይታይ፤ አራቱን ደቂቃ ማንም አላየውምና። ፍላሿን ነቅላ የወጣችውን ልጅ አነጋግሬያታለሁ። «መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ እሰጣለሁ» ብላለች።

አዳራሽ ከተከለከልን የካፌው የኋላ ግድግዳ አለ። ሸራ ከጠፋ እኔ ሁለት አንሶላ አለኝ፤ አንዱ ነጭ ነው።